ብቻዬን ስሞክረው ይሠራል፣ ሰው ሲገባ ይበላሻል

ጥያቄው፦ «ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወትበት የማይንክራፍት ጃቫ ሰርቨር አለኝ። ባንዲራ የመንጠቅ ማፕ ልሠራ ብዬ ቪዲዮ እያየሁ ኮማንድ ብሎክ (ትዕዛዝ የሚያሄድ ብሎክ) ደረደርኩ፤ ወርቁን ብሎክ የረገጠ ነጥብ ያገኛል። ብቻዬን ስሞክረው አንድም እንከን የለውም። ስምንት ሆነን ስንገባ ግን ነጥቡ በአንዴ ሽቅብ ይዘላል፤ አንዱን ባንዲራ ሁለት ሰው ይይዘዋል፤ የሞተ ሰው አንዳንዴ ወደ ጨዋታው አይመለስም፤ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ያለፈውን ጨዋታ ባንዲራ ይዞ ይገባል። ስክሪፕት በሥርዓት መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? የጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር ግድ ነው?»

ምላሽ፦

የዘረዘርካቸው ችግሮች አራት የተለያዩ ባጎች (የስክሪፕት ስህተቶች) ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ስክሪፕትህ የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው። «ተጫዋቹ ወርቁን ሲረግጥ»፣ «ተጫዋቹ ሲሞት» ብለህ ነው ያሰብከው። ሰርቨር ላይ ግን «ተጫዋቹ» የሚባል ሰው የለም። እያንዳንዱ መስመር «የትኛው ተጫዋች? በየትኛው ቅጽበት?» ለሚለው መልስ መስጠት አለበት። ብቻህን ስትሞክር ሁለቱም ጥያቄዎች ራሳቸውን ይመልሳሉ፤ ሰውየው አንተ ነህ፣ ጊዜውም አሁን ነው። ስለዚህ ስህተቱ አይታይህም። ስክሪፕት መማር ማለት ለእኔ በዋናነት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መጠየቅን መልመድ ነው፤ ትዕዛዞቹን ማወቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀላል ነገር ነው።

የቋንቋ ምርጫውን ቶሎ ልለፈው። አሁን ጃቫ አትማር። ዛሬ ያስቸገረህን ነገር ጃቫ አይፈታልህም፤ ያው ስህተት በጃቫ ሲጻፍም ያው ስህተት ነው፣ ለማግኘት ግን የባሰ ያስቸግራል። ኮማንድ ብሎኩንም ተወው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ1.4 እትም ጋር ሲመጣ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ከ2018ቱ 1.13 እትም ወዲህ ግን ዳታፓክ (ትዕዛዞችን በፋይል የሚይዝ ፎልደር) አለ። ትዕዛዞቹ ያው የምታውቃቸው ናቸው። ልዩነቱ በየብሎኩ ተበታትነው ከመቀበር ይልቅ በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ መስመር በመስመር፣ ከላይ ወደ ታች መጻፋቸው ነው። ስክሪፕትህን ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ፤ ትናንት የሠራልህን ኮፒ አስቀምጠህ ዛሬ ሌላ ትሞክራለህ፤ የትኛው ትዕዛዝ ከየትኛው እንደሚቀድም በዓይንህ ታያለህ። ብዙ ሰው በሚጫወትበት ማፕ ላይ አብዛኛው ራስ ምታት ከቅደም ተከተል ስለሚመጣ፣ ይህ ብቻውን ልፋትህን በጣም ያቀልልሃል።

ስትጀምር የሚጠብቅህ አንድ ወጥመድ አለ። የቆዩ ቪዲዮዎች ትዕዛዞቹን የምታስቀምጥበትን ፎልደር በብዙ ቁጥር ‹ፋንክሽንስ› ብለህ እንድትሰይም ይነግሩሃል። ከ1.21 ጀምሮ ስሙ በነጠላ ‹ፋንክሽን› ሆኗል። የድሮውን ስም ከተጠቀምክ ጨዋታው ፎልደሩን እንዳላየ ያልፈዋል፤ ኤረር እንኳ አይሰጥህም። በተጨማሪም በአንድ የፋንክሽን (የትዕዛዝ ዝርዝር) ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ብትሳሳት የሚቀረው ያቺ መስመር ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ በሙሉ አይጫንም። ስለዚህ ‹ሪሎድ› ባልክ (ዳታፓኩን ዳግም በጫንክ) ቁጥር የሰርቨሩን ሎግ (የመልእክት መዝገብ) ክፍት አድርገህ እያየህ ሥራ። የፋይልና የፎልደር ስሞችም በሙሉ በትንሹ ፊደል ይሁኑ። ይህን ሳያውቁ ሁለትና ሦስት ቀን ከሎጂካቸው ጋር ሲታገሉ የከረሙ ጀማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ሎጂካቸው ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር።

አንዲት መስመር ከመጻፍህ በፊት ጨዋታውን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፈው። «ባንዲራው ሦስት ሁኔታ አለው፤ ቤቱ ነው፣ ተይዟል፣ ወድቋል። ጨዋታው አራት ሁኔታ አለው፤ ሰው እየጠበቀ ነው፣ እየቆጠረ ነው፣ እየተካሄደ ነው፣ አልቋል።» ለእያንዳንዱ ሁኔታ ቁጥር ስጠው። ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ምን እንደሆነ ጻፍ። «ቤቱ ነው» ከሚለው ወደ «ተይዟል» የሚያሻግረው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ባንዲራውን «ተይዟል» የምታደርግ ከሆነ ከአሁኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚቀመጡት ስኮርቦርድ (የጨዋታው የቁጥር መዝገብ) ላይ ነው። ስኮርቦርድ የሰው ስም ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ በሃሽ ምልክት የሚጀምር የፈጠራ ስም ብትሰጠው ጎን ላይ ባለው ሰሌዳ ሳይታይ የማፕህን ቁጥር ይይዝልሃል። ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለዚህ ሥራ ከዚያ በላይ አያስፈልግህም።

አሁን ወደሚዘለው ነጥብ። ሰርቨሩ ዓለሙን በሰከንድ 20 ጊዜ ያድሰዋል። አንዱ እድሳት ‹ቲክ› ይባላል፤ 50 ሚሊሰከንድ ነው። አንተ የጻፍከው «ወርቁ ብሎክ ላይ ያለ ተጫዋች አንድ ነጥብ ያግኝ» የሚል ነው። ሰርቨሩም ያልከውን አድርጓል፤ በየቲኩ አንድ አንድ ነጥብ ሰጠ። ወርቁ ላይ ለሦስት ሰከንድ የቆመ ሰው 60 ነጥብ ያገኛል። ብቻህን ስትሞክር በሩጫ ረግጠኸው ስለምታልፍ ሁለት ሦስት ነጥብ ጨምሮልህ፣ ልብ ሳትለው ቀርተሃል። ስምንት ሰው ሆናችሁ እዚያው ላይ ስትታገሉ ግን ወርቁ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆም ሰው ይኖራል።

አንተ የምትፈልገው መቆሙን ሳይሆን መድረሱን ነው። በአማርኛ «ቆሟል» እና «ቆመ» ይለያያሉ፤ ስክሪፕትም ላይ እንዲሁ ነው። «ቆሟል» ሁኔታ ነው፣ በየቲኩ እውነት ነው። «ቆመ» ክስተት ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ጨዋታው በቀጥታ የሚነግርህ ሁኔታውን ነው፤ ክስተቱን የምታወጣው አንተ ነህ። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ ወርቁ ላይ ካለ እና ‹ገብቷል› የሚል ታግ (ተጫዋች ላይ የሚለጠፍ የስም ምልክት) ከሌለው፣ ነጥብ ስጠውና ታጉን ለጥፍበት። ወርቁ ላይ ከሌለ እና ታጉ ካለው፣ ታጉን አንሳበት። ሁለት መስመር ናቸው። በመጀመሪያው ቲክ ነጥቡን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቆምም ታጉ ስላለው ምንም አይጨመርለትም። ወጥቶ ሲመለስ እንደገና ይቆጠርለታል። ታጉ የሚለጠፈው ተጫዋቹ ላይ መሆኑን ልብ በል። «አንድ ሰው ገብቷል» የሚል የማፕ ቁጥር ብታደርገው ኖሮ የመጀመሪያው ሰው ሲቆም ለሰባቱም በሩ ይዘጋ ነበር። ስለ አንድ ሰው የሆነ ነገር ሰውየው ላይ ይጻፋል፤ ስለ ጨዋታው የሆነ ነገር የማፑ ቁጥር ላይ ይጻፋል። ይህን መለየት ከቻልክ ትልቁን ነገር ይዘሃል።

ይህን በተግባር ስትጽፈው ‹ኤክሲኪዩት› ከሚለው ትዕዛዝ ጋር ትገናኛለህ። ለዚህ አንድ ትዕዛዝ አንድ ሳምንት ብትሰጠው አይበዛበትም። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው በ‹አዝ› እና በ‹አት› ልዩነት ላይ ነው። ‹አዝ› ማን እንደሚያደርገው ይለውጣል፤ ‹አት› ደግሞ ከየት እንደሚደረግ ይለውጣል። «እንደ እያንዳንዱ ተጫዋች ሆነህ፣ ከእግር በታች ወርቅ ካለ» ብለህ በ‹አዝ› ብቻ ብትጽፈው ሰርቨሩ ሰውየውን ይቀይራል እንጂ ቦታውን አይቀይርም። የስምንቱንም «ከእግር በታች» ትዕዛዙ ከተነሳበት አንድ ቦታ ላይ ይመለከታል። እዚያ ቦታ ላይ በአጋጣሚ ወርቅ ካለ ስምንቱም ወርቅ የረገጡ ይመስላቸዋል፤ ከሌለ ማንም አልረገጠም። የሚገርመው ብቻህን ኮማንድ ብሎኩ አጠገብ ቆመህ ስትሞክረው የሚሠራ የሚመስልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ስለዚህ «እንደ እያንዳንዱ ተጫዋች፣ እሱ ካለበት ቦታ» ብለህ ሁለቱንም ጻፍ፤ መጀመሪያ ‹አዝ›፣ ቀጥሎ ‹አት› ከ‹ኤስ› (@s) መምረጫ ጋር። የ‹ኤስ› መምረጫ «አሁን ተራው የደረሰው ሰው» ማለት ነው።

ሁለት ሰው የያዘው ባንዲራ ከሁሉም በላይ የምወደው ችግር ነው፤ በደንብ ከተረዳኸው የሌሎቹ ቁልፍ በእጅህ ነው። ምናልባት የጻፍከው እንዲህ ይመስላል፦ «እንደ እያንዳንዱ ተጫዋች፣ እሱ ካለበት ቦታ፣ ባንዲራው አጠገብ ከሆነ፣ ባንዲራውም ቤቱ ከሆነ፣ ‹ያዝ› የሚለውን ፋንክሽን አሂድ።» ፋንክሽኑ ውስጥ ደግሞ ለሰውየው ባንዲራውን ትሰጠዋለህ፣ የባንዲራውን ሁኔታም «ተይዟል» ታደርጋለህ። ሲነበብ ፍጹም ትክክል ነው። አንደኛው ሲይዝ ሁኔታው ይለወጣል፤ ሁለተኛው ሲመጣ «ቤቱ ነው» የሚለው ስለማይሆን ያልፈዋል ብለህ ትጠብቃለህ።

ሰርቨሩ ግን እንደዚያ አይሄድም። በአንድ የ‹ኤክሲኪዩት› መስመር ላይ ብዙ ሰዎች ሲኖሩ አንዱን ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሶ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። መጀመሪያ ሁኔታዎቹን ለሁሉም ሰው ይፈትሻል፤ ያለፉትን ሰዎች ዝርዝር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፋንክሽኑን ለእያንዳንዳቸው የሚያሂደው። እንግዲህ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ቲክ ባንዲራው አጠገብ ደረሱ እንበል። ለአንደኛው ተፈተሸ፤ ባንዲራው ቤቱ ነው፣ አለፈ። ለሁለተኛው ተፈተሸ፤ ባንዲራው ገና ቤቱ ነው፣ አለፈ። አሁን አንደኛው ይይዛል፣ ሁኔታው ይለወጣል። ቀጥሎ ሁለተኛው ይይዛል፤ ማንም ዳግመኛ አልጠየቀውምና። ሁለት ባንዲራ!

መፍትሔው ፍተሻውን ከበሩ ውጭ ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ማድረግ ነው። «ባንዲራው ቤቱ ካልሆነ ተመለስ» የሚለውን የፋንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር አድርገው፤ በ1.20 የመጣው ‹ሪተርን› ለዚህ ነው የተፈጠረው ያስብላል። ፋንክሽኑ ለአንዱ ሰው አልቆ ነው ለሌላው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሲገባ የተለወጠውን ሁኔታ አግኝቶ ይመለሳል። ሌላው መንገድ ከባንዲራው ቦታ ተነስተህ በጣም ቅርብ የሆነውን አንድ ተጫዋች ብቻ መምረጥ ነው። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ቅርብ የሆነውን መምረጡ ፍትሐዊ ነው፤ ተጫዋቾች ሲከራከሩ የምታሳያቸው ምክንያት ይኖርሃል። የውስጡ ፍተሻ ደግሞ ነገ ሌላ መስመር ጨምረህ ያንኑ ፋንክሽን ከሌላ ቦታ ብትጠራው ይጠብቅሃል። «ሁለት ሰው በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ መቼ ይገጣጠማል?» እንዳትል። ባንዲራ ማለት ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሮጥለት ነገር ነው፤ ማፑን የሠራኸው እንዲገጣጠሙ ነው።

የማይመለሰውን ሟች በተመለከተ ‹ስኬጁል› የሚለውን ትዕዛዝ እንደተጠቀምክ እገምታለሁ፤ ቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚያሳዩት እሱን ነውና። «ሰው ሲሞት ከ5 ሰከንድ በኋላ ‹መልስ› የሚለውን ፋንክሽን አሂድ።» እኔም ከመጀመሪያ ማፖቼ በአንዱ ላይ ይህንኑ ጽፌ ነበር። በሁለት ሰው ሞከርነው፣ ሠራ። አሥራ ሁለት ሆነን የገባን ዕለት አንዱ ተጫዋች ከጨዋታው ግማሽ በላይ ተመልካች ሆኖ ቀረ። ተናደደ፣ ወጣ፣ ሁለተኛም አልተመለሰም። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል።

‹ስኬጁል› ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ፋንክሽኑን የሚያሂደው ሰርቨሩ ራሱ ነው፤ የሞተው ሰው ማን እንደነበረ አያስታውስም። ስለዚህ ሰው ሁሉ «‹ሞቷል› የሚል ታግ ያለበትን ሁሉ መልስ» ብሎ ይጽፈዋል። ሁለተኛ፣ ያንኑ ፋንክሽን ደግመህ ብትቀጥረው የቀድሞውን ቀጠሮ ሰርዞ በአዲሱ ይተካዋል። አንዱ ሞቶ ቆጠራው 3 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ሌላው ቢሞት ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ጦርነቱ በጋለ ቁጥር በየሦስት ሰከንዱ አንድ ሰው ስለሚሞት ቀጠሮው ሁልጊዜ ወደፊት ይገፋል፤ የመጀመሪያው ሟች እዚያው ቆሞ ይቀራል። እንዲተካ ሳይሆን እንዲጨምር ማዘዝ ትችላለህ፤ ያኔ ግን የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ አሁን የሞተውንም አብሮ ያስነሳዋል።

ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት መስጠት ነው። ‹መመለሻ› የሚል ስኮር ፍጠር። ሰው ሲሞት የእሱን ስኮር 100 አድርገው፤ 5 ሰከንድ በ20 ቲክ ሲባዛ 100 ነውና። በየቲኩ ስኮሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሰው ሁሉ ላይ አንድ ቀንስ። አንድ ሲደርስ «እንደ እሱ ሆነህ» ‹መልስ› የሚለውን ፋንክሽን አሂድና ወደ ዜሮ አውርደው። አሥራ ሁለት ሰው ቢሞት አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆጥራል፤ አንዱ የሌላውን አይነካም።

እዚህ ላይ የመምረጫ ነገር ላንሳ። የ‹ኤ› (@a) መምረጫ ሁሉንም ተጫዋች ሲመርጥ ሞቶ ገና «ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ ያልተጫነውንም ይመርጣል። የ‹ኢ› (@e) መምረጫ፣ ዓይነቱን ተጫዋች ብለህ ስትገድበው፣ በሕይወት ያሉትን ብቻ ይመርጣል። ሰዓቱን የምትቀንሰው በ‹ኢ› ከሆነ የሞት ስክሪን ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሰው ሰዓቱ አይሮጥበትም፤ ተነስቶ ሲገባ ነው የሚጀምርለት። በ‹ኤ› ካደረግከው ሞቶ ሳለ ወደ ቤቱ ልትወስደው ትሞክራለህ፤ ውጤቱ ያበሳጭሃል።

አሁን ወጥቶ ስለሚመለሰው ሰው። ታግም ስኮርም ተጫዋቹ ቢወጣም ይቀመጣሉ። ባንዲራ ይዞ የወጣ ሰው ነገ ቢመለስ ‹ያዥ› የሚለው ታግ እላዩ ላይ ነው። በሌላ በኩል በወጣ ጊዜ መምረጫዎቹ አያገኙትም፤ ስለዚህ ጨዋታ ሲያልቅ «የሁሉንም ታግ አንሳ» ያልከው ትዕዛዝ እሱን አልነካውም። የሚወጣውን ሰው ለመያዝ አትሞክር። የሚገባውን ያዝ።

ዘዴው የጨዋታ ቁጥር ነው። ማፑ አንድ ቁጥር ይኑረው፤ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር አንድ ይጨምር። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ የራሱን ቁጥር ይያዝ። በየቲኩ የማንም ሰው ቁጥር ከማፑ ቁጥር ጋር እኩል ካልሆነ ‹አጽዳ› የሚለውን ፋንክሽን አሂድበት፤ ታጉን ሁሉ አንሳ፣ ዕቃውን አጥፋ፣ ሰዓቱን ዜሮ አድርግ፣ መጠበቂያው ቦታ ውሰደው፣ በመጨረሻም የማፑን ቁጥር ስጠው። ይህ የመጨረሻው ካልተደረገ በየቲኩ ሲያጸዳው ይኖራል። ይህ አንድ በር ስንቱን እንደሚያስተናግድ ተመልከት። ትናንት ወጥቶ ዛሬ የተመለሰ፣ ቁጥሩ የድሮ ስለሆነ ይጸዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ፣ ቁጥር ስለሌለው ይጸዳል። አዲስ ጨዋታ ስትጀምር የማፑን ቁጥር አንድ ስትጨምረው የሁሉም ሰው ቁጥር ያረጃል፤ ሁሉም ይጸዳሉ። ለሦስቱ ሦስት ስክሪፕት መጻፍ አያስፈልግም። ይህን ዘዴ ካወቅኩበት ጊዜ ጀምሮ ያለ እሱ ማፕ ጽፌ አላውቅም።

በዚያው ጨዋታ መሃል ወጥቶ የሚቀረውን ያዥ ለብቻው አስብበት፦ የባንዲራው ሁኔታ «ተይዟል» ሆኖ ‹ያዥ› የሚል ታግ ያለው ሰው ሰርቨሩ ላይ ከሌለ ባንዲራውን ወደ ቤቱ መልስ። ያው ሰው እዚያው ጨዋታ ላይ ቢመለስ ደግሞ ባንዲራው ቤቱ ሆኖ ሳለ ‹ያዥ› የሚል ታግ ያለበትን ሁሉ ታጉን አንሳበት። አንድ አንድ መስመር ናቸው።

ማፑን ወደ ነበረበት ስለ መመለስ ብዙ አልልም። ተጫዋቾቹን አድቬንቸር ሞድ ላይ ካደረግካቸው ግድግዳ ስለማይሰብሩ አብዛኛው ጣጣ ይቀራል፤ ለባንዲራ ማፕ ይህ ይበቃል። እንዲሰበር የምትፈልገው ክፍል ካለ ንጹሕ ኮፒ ሌላ ቦታ አስቀምጥና ‹ክሎን› በሚለው ትዕዛዝ ቀድተህ መልሰው። በአንድ ትዕዛዝ የሚፈቀደው ካልለወጥከው በቀር 32,768 ብሎክ ነው፤ ይህም 32 በ32 በ32 የሆነ ኩብ ማለት ነው። ትልቅ ከሆነ ከፋፍለው። ሰው አጠገቡ የሌለ ቦታ ከሜሞሪ እንደሚወጣም አትርሳ። ዓለሙ የሚጫነው በ16 በ16 ቻንክ ነው፤ ያልተጫነ ቻንክ ላይ የተሰጠ ትዕዛዝ ይከሽፋል፣ እዚያ ያስቀመጥከው ምልክትም በመምረጫ አይገኝም። ‹ፎርስሎድ› የሚለው ትዕዛዝ እነዚያን ቻንኮች ሁልጊዜ ተጭነው እንዲቆዩ ያደርጋል። ንጹሑን ኮፒ ያስቀመጥክበትንም ቦታ ጨምር፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ስለ ላግ (የሰርቨሩ መዘግየት) ደግሞ፣ በሰከንድ 20 ቲክ የሚባለው ጣሪያው ነው። ሰርቨሩ ሲደክም ወደ 15 ወይም 12 ይወርዳል፤ ያኔ 100 ቲክ የቆጠርከው 5 ሰከንድ መሆኑ ይቀራል፣ ይረዝማል። ይህን ለማስቀረት የ‹ኢ› መምረጫን ሳትገድብ በየቲኩ አታሂድ። ዓይነቱን፣ ታጉን፣ ርቀቱን ጻፍለት፤ አለበለዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ዕቃና እያንዳንዱን እንስሳ ሳይቀር ያስሳል። ባንዲራው ያለበትን ቦታ ምልክት ለማድረግ ደግሞ የጦር ልብስ መስቀያውን ተውና ከ1.17 ጀምሮ ያለውን ‹ማርከር› ተጠቀም፤ አይታይም፣ አይንቀሳቀስም፣ ሰርቨሩንም አያደክምም።

አሞካከሩን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እነግርሃለሁ። ከእንግዲህ ብቻህን ሞክረህ «ሠራ» አትበል። ቢያንስ አንድ ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ ያ ሰው ማፑን እንዲጫወት ሳይሆን እንዲሰብር ጠይቀው። እኩል ሩጡና ባንዲራውን አብራችሁ ንኩ። እሱ ይሙት፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ አንተ ሙት። ባንዲራ ይዞ ይውጣ፣ ጨዋታ ጀምር፣ ይመለስ። በሞት ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጥ። እነዚህን አራት ነገሮች አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ትጨርሳለህ። ቅደም ተከተሉ ሲያደናግርህ በ1.20.3 የመጣውን ‹ቲክ› የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀም፤ ጨዋታውን አስቁመህ አንድ ቲክ፣ አንድ ቲክ እያልክ ታራምደዋለህ። ተጫዋቾች ግን መንቀሳቀስ ይችላሉ። ሁለታችሁም ባንዲራው አጠገብ ቆማችሁ አንድ ቲክ ስታራምደው ባንዲራውን ሁለታችሁም ስትይዙት በዓይንህ ታየዋለህ። እኔ በሁለት ምሽት ያገኘሁትን ዓይነት ስህተት አንተ በዚህ መንገድ በሁለት ደቂቃ ታገኘዋለህ።

አሁን ያለውን ማፕ ለመጠገን አትሞክር። ሕንፃውን አስቀረው፣ ኮማንድ ብሎኩን በሙሉ አንሳ። በባዶ ዳታፓክ በወርቁ ብሎክ ብቻ ጀምር፤ ሲገባ አንድ ነጥብ፣ ወጥቶ ሲገባ ሌላ ነጥብ። ይህ በሁለት ሰው በትክክል ሲሠራ ባንዲራውን ጨምር፣ ቀጥሎ ሞትን፣ በመጨረሻ የጨዋታ ቁጥሩን። በየደረጃው የሠራልህን ፎልደር ኮፒ አስቀምጥ። የሌሎችን ዳታፓክም ክፈትና አንብብ፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። ስታነብ «ይህን መስመር ማን ነው የሚያሂደው? ከየት ቦታ ነው?» እያልክ ከጎኑ በአማርኛ ጻፍ። ሁለት ፋንክሽን በዚህ መልክ ማንበብ ሃያ ቪዲዮ ከማየት የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ጃቫው መቼ ያስፈልግሃል ላልከው፦ የተጫዋቾችን ውጤት ከሰርቨሩ ውጭ ባለ ዳታቤዝ ማስቀመጥ ስትፈልግ፣ ወይም ተጫዋቹ ቻት ላይ የጻፈውን አንብቦ የሚመልስ ነገር ሲያስፈልግህ። ያኔ እንደ ፔፐር ያለ ሰርቨር ላይ የሚሄድ ፕለጊን (ሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ትጽፋለህ። እዚያ ‹ተንቀሳቀሰ› እና ‹ሞተ› የሚሉት ክስተቶች ከነሰውየው ማንነት ተዘጋጅተው ይጠብቁሃል፤ ነጥቡን ለማን እንደምትሰጥ፣ የማንን ሰዓት እንደምትቆጥር፣ ወጥቶ የተመለሰውን ምን እንደምታደርገው ግን እዚያም የምትወስነው አንተው ነህ። ባንዲራህ በዳታፓክ ለስምንት ሰው ያለ እንከን ከሠራ፣ ወደ ጃቫ ስትሻገር የሚቀርህ የቋንቋው ሰዋስው ብቻ ነው።